የቅርብ ዓመታት ምርጥ የጎልፍ ዱላዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ዱላ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የቱ ነው ሩቅ የሚያደርሰው?» ብሎ ነው። አይደንቀኝም። ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ርቀት ነው። እኔ ግን ባለፉት ዐሥር ዓመታት ስማቸውን ያስጠሩ ዱላዎችን አንድ በአንድ ሳያቸው የሚያመሳስላቸው ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ዱላ «ምርጥ» የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው?

ኳሷን ልክ በመሐሉ ካገኛችኋት ማንኛውም ዱላ ያደርስላችኋል። የሃያ ዓመት ዱላም ቢሆን ብዙ አያሳፍርም። ልዩነቱ የሚወጣው ስትስቱ ነው። ኳሷ ወደ ዱላው ጫፍ ወይም ወደ ዘንጉ ተጠግታ ስትነካ ፍጥነቷ ምን ያህል ይቀንሳል? ወዴትስ ትጠመዘዛለች? ጥሩ ዱላ ገመና ከታች የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ምን ያህል እንደምትስቱ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ለእግር የሚረጨውን ነጭ ዱቄት የዱላው ፊት ላይ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት። ከዚያ ምቱ። ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ክብ ማኅተም ይቀራል፤ የኳሷ ጎድጓዳ ነጠብጣቦች ሳይቀሩ ይታያሉ። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ዐሥር ኳስ መትቼ መሐል ያረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። አራቱ ወደ ጫፉ ከላይ፣ የቀሩት እዚህም እዚያም። ከዚያ ወዲህ ስለ ርቀት የተጻፈ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ያ ዱቄት የለበሰ ፊት ነው ድቅን የሚልብኝ።

ሕጉ ገደብ ካበጀ ድራይቨር በየዓመቱ እንዴት «ይሻሻላል»?

ድራይቨር ኳሷን ከመነሻው ወደ ሩቅ ለመላክ የሚያዘው ረጅሙ ዱላ ነው። ሕጉ በርግጥ ጠበቅ ያለ ነው። የጎልፍን ሕግ የሚያወጡት አር ኤንድ ኤ እና ዩኤስጂኤ የድራይቨር ጭንቅላት ከ460 ሲሲ እንዳይበልጥ ወስነዋል። ፊቱ ኳሷን የሚያስፈነጥርበት አቅምም ጣሪያ አለው። ርዝመቱ ከ48 ኢንች አያልፍም፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የባለሙያ ውድድር አዘጋጆች ከፈለጉ ወደ 46 ኢንች ዝቅ እንዲያደርጉት ተፈቅዷል።

ፋብሪካዎቹ እነዚህን ጣሪያዎች ከነኩ ቆይተዋል። ስለዚህ መሐል ላይ የተመታች ኳስ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ብዙም አትርቅም። ክፍት የቀረው በር ዳር ዳሩ ነው። ክብደትን ከማያስፈልግበት ቀንሶ ወደሚያስፈልግበት መውሰድ፤ መሐል ላይ ያለውን የማስፈንጠር አቅም ወደ ዳር ማስፋት። የዐሥር ዓመቱ የድራይቨር ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው።

ጎልተው የወጡት ድራይቨሮች የትኞቹ ናቸው?

እኔ ብጠየቅ በ2015 ከወጣው ከቴይለርሜድ ኤም1 እጀምራለሁ። የጭንቅላቱ አናት ከካርቦን የተሠራ ነበር። ካርቦን ድራይቨር ላይ ሲገባ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ነገሩ የተለመደ የሆነው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ካርቦን ከታይታኒየም ይቀላል። ከአናቱ የተረፈችው ጥቂት ግራም ወደ ታች ወርዳ ተንሸራታች ክብደት ሆነች። ባለቤቱ ክብደቷን ወዲህና ወዲያ እየገፋ የኳሱን አቅጣጫ ማስተካከል ቻለ።

በ2017 ካላዌይ ኤፒክን አመጣ። ከፊቱ ኋላ አናቱንና ሆዱን የሚያያይዙ ሁለት ቀጫጭን ምሰሶዎች ቆመዋል። ድራይቨር ኳስ ሲመታ አናቱና ሆዱ ይለጠጣሉ፤ እዚያ ላይ ጉልበት ይባክናል። ምሰሶዎቹ ያንን ይይዙና ሥራውን ለፊቱ ይተዉለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ኤፒክ ፍላሽ ደግሞ ፊቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተነደፈ ነበር። ኩባንያው እንደሚለው ማሽኑ ንድፉን 15,000 ጊዜ ያህል እየቀያየረ ሞክሮታል። ፊቱን ገልብጣችሁ ከውስጥ ብታዩት ድንጋይ የተጣለበት ውሃ ይመስላል፤ ወጣ ገባ ያለ ሞገድ። መሐንዲስ ቁጭ ብሎ የሚስለው ቅርጽ አይደለም።

ለኔ ከሁሉም ብልጡ ሐሳብ ግን የ2018ቱ ቴይለርሜድ ኤም3 እና ኤም4 ላይ የታየው የተጠማዘዘ ፊት ነው። ሰው ሲስት በዘፈቀደ አይስትም። ብዙዎቻችን የምንስተው ወይ ወደ ጫፉ ከላይ ወይ ወደ ዘንጉ ከታች ነው። የመጀመሪያው ኳሷን ወደ ግራ ያጠማዝዛል፤ ሁለተኛው ወደ ቀኝ ያስኮበልላል (ለግራኝ ገልብጡት)። ስለዚህ ላይኛውን ጫፍ ትንሽ ከፈት፣ ታችኛውን ጥግ ትንሽ ዘጋ አደረጉት። ዱላው የት እንደምትስቱ ቀድሞ ገምቶ ይጠብቃችኋል ማለት ነው። ዱቄቱን ስነፋ አራቱ ኳሶቼ የት እንዳረፉ አስታውሱ።

ፒንግን ያልጠቀስኩት ረስቼ አይደለም። ፒንግ በየዓመቱ ስም አይቀይርም፤ ሁለት ዓመት ገደማ ይጠብቃል። የ2018ቱ ጂ400 ማክስ ብዙ ጫጫታ አልነበረውም። ቀጥ አድርጎ መምታት ብቻ ነበር ሙያው። ዛሬም በርካሽ ሲሸጥ ካያችሁት አትለፉት።

«10 ኬ» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

በጥር 2024 ሁለት ድራይቨሮች ተከታትለው ወጡ፦ የፒንግ ጂ430 ማክስ 10ኬ እና የቴይለርሜድ ኪውአይ10 ማክስ። ሁለቱም 10,000 የምትለዋን ቁጥር ይዘው ነው የመጡት። ቁጥሩ የሚለካው ጭንቅላቱ ከመሐል ውጭ ሲመታ አልዞርም የሚልበትን እምቢታ ነው። ኤምኦአይ ይሉታል። ክብደቱ ከመሐል ወደ ዳርና ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር እምቢታው ይጨምራል።

ሕጉ ግን 5,900 ነው የሚፈቅደው። ታዲያ ተጣሰ? አልተጣሰም። ሕጉ የሚቆጣጠረው ከጎን ወደ ጎን ያለውን መዞር ብቻ ነው። 10,000 የተባለው ከላይ ወደ ታች ያለው ተደምሮበት ነው። መደመሩ የነጋዴ ብልሃት ናት። ዱላዎቹ ግን ጥሩ ናቸው፤ ከመሐል ውጭ ስትመቱ እጃችሁ ላይ ብዙም አይንቀጠቀጡም። ዋጋ የሚያስከፍሉት ኳስን ሆን ብሎ ማጠፍ የሚፈልገውን ሰው ነው። ቀጥ በል የተባለ ዱላ እጠፍ ሲሉት ያንገራግራል።

የካርቦን ፊት ከታይታኒየም ይሻላል?

በ2022 የወጣው ቴይለርሜድ ስቴልዝ ፊቱ 60 ንብርብር ካርቦን ነው። ቀይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ከተመሳሳይ የታይታኒየም ፊት 40 በመቶ ገደማ ይቀላል። የተረፈው ክብደት ወደ ኋላ ሄደ። ስኮቲ ሼፍለር የተባለው ባለሙያ በዚያው ዓመት ማስተርስን (ሜጀር ከሚባሉት አራት ታላላቅ ውድድሮች አንዱን) ያሸነፈው ስቴልዝ ፕላስ ይዞ ነው።

መጀመሪያ ስመታው ግራ ያጋባኝ ድምፁ ነው። የለመድኩትን የብረት ጩኸት ጠብቄ ድፍን ያለ «ዱብ» ሰማሁ። ያልመታሁት መስሎኝ ቀና ስል ኳሷ ርቃ ሄዳለች። ይሻላል ወይ ለሚለው፣ ፊቱ ብቻውን ተአምር አልሠራም። ሌሎቹ ኩባንያዎች በአብዛኛው ታይታኒየም ላይ ቆይተው እኩል ተወዳድረዋል። ትርፉ ክብደትን ለማዘዋወር የተገኘው ነፃነት ነው።

ከአይረኖችስ?

አይረኖች ለመካከለኛ ርቀት የሚያዙ፣ በቁጥር የሚለዩ የብረት ዱላዎች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ዱላ ብቻ ምረጥ ብባል የቴይለርሜድ ፒ790ን እመርጣለሁ። በ2017 ወጣ። ከላይ ሲያዩት የባለሙያ ዱላ ነው፤ ቀጭን፣ ሹል፣ የተዋበ። ውስጡ ግን ባዶ ነው። ባዶውን ፎም ሞልተውታል። ፎሙ ስሱን ፊት ከኋላ ይደግፋል፣ ድምፁንም ያለዝበዋል። ከዚያ በፊት ምርጫው ሁለት ነበር፦ ወይ መልከ መልካሙን ይዞ መቸገር፣ ወይ አካፋ የሚያህለውን ይዞ መገላገል። ፒ790 ሁለቱን አስታረቀ። ሐሳቡ የማን ነው በሚለው ላይ ፒኤክስጂ የተባለው ኩባንያ ከቴይለርሜድ ጋር ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር፤ በ2019 በስምምነት ጨረሱ። ሰው የሚካሰስበት ሐሳብ መቼም ዋጋ አለው።

ሁለተኛው የሚዙኖ ጄፒኤክስ 900 ቱር ነው። ናይኪ በ2016 ዱላ መሥራት ሲያቆም በናይኪ ዱላ ይጫወት የነበረው ባለሙያ ብሩክስ ኬፕካ የፈለገውን የመምረጥ ነፃነት አገኘ። ይህንን መረጠ። በ2017 እና በ2018 ሌላውን ሜጀር ዩኤስ ኦፕንን በተከታታይ አሸነፈበት። የሚዙኖ ብረት ጃፓን ሂሮሺማ ውስጥ እየተቀጠቀጠ ነው የሚሠራው። መሐል ላይ ሲያገኙት እጅ ላይ ምንም አይሰማም። «እንደ ቅቤ» የሚሉት ይህንን ነው።

የታይትሊስት ቲ100ም ከ2019 ጀምሮ እየታደሰ አለ። ጥሩ ለሚመታ ሰው ነው። ለኔ አይደለም።

ጓደኛዬ በ7 አይረን ከኔ 15 ሜትር አስበልጦ ይመታል። ዱላው ነው?

የሁለታችሁ 7 አንድ ላይሆን ይችላል። የድሮ 7 አይረን ፊቱ ወደ 36 ዲግሪ የሚጠጋ ዘንበል ነበረው። የመጀመሪያው ፒ790 30.5 ነው። ከ30 በታች የወረዱም ሞልተዋል። ዘንበሉ ባነሰ ቁጥር ኳሷ ዝቅ ብላ ትርቃለች። ስለዚህ የጓደኛችሁ «7» በድሮ ስሙ 6 ወይም 5 ሊሆን ይችላል። ሆዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትታችሁ ዲግሪውን ጠይቁ።

ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ሙሉ በሙሉ አይደለም። ክብደቱ ወደ ታች የወረደ ዱላ ኳሷን ከፍ ያደርጋታል፤ ዘንበሉ ካልቀነሰ ሰማይ ትነካለች። ችግሩ ከታች በኩል ነው፦ የሁሉም ዘንበል ሲቀንስ በፒቺንግ ዌጁና በሚቀጥለው ዌጅ (ለአጭር ርቀት የሚያዝ፣ ፊቱ በጣም ዘንበል ያለ ዱላ) መካከል ሰፊ የርቀት ክፍተት ይቀራል።

በፓተር በኩል ምን አዲስ ነገር አለ?

ብዙ! ባለፉት ጥቂት ዓመታት ትልቁ ወሬ የነበረው ከድራይቨር ይልቅ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ለማስገባት በሚያዘው ዱላ፣ በፓተር ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ የነገሠው ቅርጽ አንድ ነበር። በ1966 ካርስተን ሶልሃይም የተባለው የፒንግ መሥራች አንሰር የተባለውን ፓተር ነደፈ። የመጀመሪያውን ንድፍ የሳለው የሙዚቃ ሸክላ ማኅደር ላይ ነው። ክብደቱን ከመሐል ነጥቆ ወደ ሁለቱ ጫፎች ወሰደው። ያው የገመና ከታች ነገር ነው፤ ድራይቨሮቹ ኋላ የደረሱበት። ታይገር ውድስ ከ15 ሜጀሮቹ 14ቱን ያሸነፈበት ስኮቲ ካሜረን ኒውፖርት 2 ፓተር የዚያ ቅርጽ ዘር ነው።

አሁን ግን ጊዜው የትልልቅ ጭንቅላት ነው። በ2024 መጀመሪያ ሼፍለር በዓለም አንደኛ ነበር፤ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይከዳዋል። ሮሪ ማኪልሮይ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ትልቅ ጭንቅላት ያለው ፓተር ቢሞክር ደስ ይለኛል አለ። ተፎካካሪ ሲመክር አይገርምም? ሼፍለር በመጋቢት ወር የቴይለርሜድ ስፓይደር ቱር ኤክስን ያዘ። ያንኑ ሳምንት በአርኖልድ ፓልመር ስም የሚጠራውን ውድድር በ5 ምት ልዩነት አሸነፈ። በሳምንቱ ፕሌየርስ የተባለውን ውድድር ደገመ። በሚያዝያ ማስተርስ። ማኪልሮይ የመከረበትን ሳይቆጭ አልቀረም። ራሱም ግን በ2025 ማስተርስን በስፓይደር አሸንፎ ተክሷል።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ደግሞ የኦዲሲ ጄይልበርድ ታሪክ አለ። ስሙ እስረኛ ማለት ነው፤ ጀርባው ላይ ባሉት ጥቁርና ነጭ መስመሮች የወጣለት። ሪኪ ፋውለር ከካዲው (ከዱላ ተሸካሚው) ቦርሳ አንስቶ ሞከረው፤ ወደደው። ዊንድሃም ክላርክ ከፋውለር አይቶ አንዱን አሠራ። በሰኔ 2023 ክላርክ ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። በሳምንቱ ኪገን ብራድሊ በዚያው ዓይነት ፓተር ሌላ ውድድር ወሰደ። በሦስተኛው ሳምንት ከአራት ዓመት በላይ ድል የራቀው ፋውለር ራሱ። ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ሰው፣ አንድ ዓይነት ፓተር። መስመሮቹ ፊቱ ወደየት እንደዞረ ለዓይን ግልጥ ያደርጋሉ። ዘንጉም ከተለመደው ረዘም ስለሚል እጅ ይረጋጋል።

ኤል ኤ ቢ የሚባለው አስቀያሚ ፓተርስ? እውነት ይሠራል?

አስቀያሚነቱን እኔም አልክድም። ከማሽን ላይ የተፈታ ዕቃ ነው የሚመስለው። ሐሳቡ ግን ንጹሕ ነው። ማንኛውንም ፓተር ዘንጉን በሁለት ጣት ለቀቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወዲህ ወዲያ አወዛውዙት። ጭንቅላቱ በራሱ ፈቃድ ይዞራል፤ ጫፉ ወደ ታች ይወድቃል ወይም ፊቱ ወደ ላይ ይጋደማል። ስትመቱ እጃችሁ ሳይታወቃችሁ ይህንን መዞር ሲታገል ይውላል። ኤል ኤ ቢ በጭንቅላቱ ውስጥ ክብደት እያስተካከለ መዞሩን ያጠፋዋል። ይዛችሁ ብታወዛውዙት ፊቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሉካስ ግሎቨር በፓቲንግ የተነሳ ዓመታት ሲሠቃይ ኖሮ በ2023 ይህንን ይዞ ሁለት ተከታታይ ውድድር አሸነፈ። ጄ ጄ ስፓን ደግሞ በ2025 ኦክሞንት በተባለው ሜዳ ላይ ዩኤስ ኦፕንን ለማሸነፍ የመጨረሻው ግሪን ላይ ሁለት ምት ይበቃው ነበር። ከ64 ጫማ ርቀት በአንድ ምት ከተታት። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም የማይዞር ፓተር ይዘው መውጣታቸው አያስገርምም።

መድኃኒት አይደለም። ርቀት መገመት ለሚያስቸግረው ሰው ምንም አይጨምርለትም። እጁ ለሚጠመዝዝበት ሰው ግን ልዩነቱ የዚያኑ ቀን ይታያል።

7 ውድ ያረጀ ዱላ አይደለም እንዴ?

ተመልሷል። ደስቲን ጆንሰን በኅዳር 2020 ማስተርስን ለሜዳው ከተመደበው ምት በ20 አሳንሶ ሲያሸንፍ ቦርሳው ውስጥ 21 ዲግሪ ፌርዌይ ውድ (ከድራይቨር የሚያንስ ወፍራም ጭንቅላት ያለው ዱላ)፣ ማለትም 7 ውድ ነበር። ያን የመሰለ ጉልበተኛ ከያዘው ማንም አያፍርም። 3 እና 4 አይረን ከፍ አላደርግ ላላችሁ ሁሉ ኳሷን ሽቅብ ሰድዶ ግሪን ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋታል።

እኩል ርዝመት ያላቸው አይረኖችስ?

ብራይሰን ዴሻምቦ ነው ታዋቂ ያደረጋቸው። ሁሉም እንደ 7 አይረን ይረዝማሉ፤ አቋቋም መቀያየር የለም። በ2020 ዩኤስ ኦፕንን አሸንፎባቸዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ የገዙት ሰዎች ግን ብዙ አይደሉም። ረጃጅሞቹ አልነሳ፣ አጫጭሮቹ ከልክ በላይ ይነሳሉ የሚል ቅሬታ ይበዛል።

ዌጅ ላይ ልዩነት አለ?

ትንሽ። የቦብ ቮኪ ዌጆች ባለሙያዎች ዘንድ በጣም የተለመዱ ናቸው፤ የ2022ቱም የ2024ቱም ጥሩ ናቸው። ከስሙ ይልቅ የፊቱ መስመሮች አለመበላታቸው ይበልጣል። ጥፍራችሁን በመስመሮቹ ላይ ሳቡት። ሳይዝ ከተንሸራተተ ዌጁ ጡረታ ወጥቷል።

ባለሙያዎቹ የያዙትን ብገዛስ?

እነሱም ሁልጊዜ አዲሱን አይዙም። ማኪልሮይ በ2025 አዲሱን ኪውአይ35 ድራይቨር ሞክሮ ወደ አሮጌው ኪውአይ10 ተመለሰ፤ ማስተርስንም በአሮጌው አሸነፈ። ሄንሪክ ስቴንሰን በ2016 ዘ ኦፕንን ሲያሸንፍ የያዘው 3 ውድ ከገበያ ከወጣ የቆየ ካላዌይ ነበር። የለመዱትን ዱላ ላለመጣል የሚሞቱ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ነገር፣ እነሱ የሚመቱበት ፍጥነት የእኛ አይደለም። ድራይቨራቸው ብዙ ሲመታ ፊቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከሕጉ በላይ ማስፈንጠር ይጀምራል። በ2025 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ላይ የማኪልሮይም የሼፍለርም ድራይቨር በፍተሻ የወደቀው ለዚህ ነው። ሼፍለር መጠባበቂያውን አውጥቶ ውድድሩን በ5 ምት አሸነፈ። የእናንተ ድራይቨር ፊት ይሳሳል ብላችሁ አትስጉ።

አዲሱን ልግዛ ወይስ ያገለገለ?

ድራይቨርና አይረን ከሆነ ሁለት ሦስት ዓመት የቆየውን እመክራለሁ። ፎሙም፣ ካርቦኑም፣ የተጠማዘዘው ፊትም እዚያው አሉ። ዋጋው ግን ወርዷል። የተረፈውን ገንዘብ ልኬት ላይ አውሉት። ዘንጉ ለፍጥነታችሁ ካልሆነ፣ የዱላው ርዝመትና የጭንቅላቱ አቀማመጥ ለቁመታችሁ ካልሆነ 10ኬም 20ኬም አያድናችሁም። እኔ አንድ ጊዜ «ጠንካራ ዘንግ ነው የሚሆንህ» ተብዬ ሳልለካ ገዝቻለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ኳሴ ወደ ቀኝ ስትኮበልል ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር።

ያገለገለ ስትገዙ ከሐሰተኛ ተጠንቀቁ። መለያ ቁጥሩን ለኩባንያው ልካችሁ አጣሩ። የፊደሎቹ ቀለም ከመስመር ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ድራይቨር ከሆነ ጭንቅላቱን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ምናልባት የደረቀ ሙጫ ነው፣ ምናልባትም የተሰነጠቀ ክፍል። ሻጩ «ሙጫ ነው» ካላችሁ መጀመሪያ ያስወጣውና ከዚያ ትነጋገራላችሁ።